የድንጋይን ባሕርይ የመረመረው ሊቅ፤ የቪክቶር ጎልድሽሚት የሕይወት ታሪክ

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፥ ትልቁ ትንሹን እንዳይንቅ የተነገረ ምክር መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። ዘንድሮ ግን ስለ ጠጠሩ ስለ ራሱ ማሰብ ጀመርሁ። ጠጠሩ ከምን ተሠራ? ከየትስ መጣ? ስለ ምን አንዱ ጠጠር ነጭ፥ አንዱ ጥቁር፥ አንዱ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ሆነ? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረ አንድ ሊቅ እንደ ነበረ ባወቅሁ ጊዜ፥ ታሪኩን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ለማካፈል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ማንቆርቆሪያ ነው። እናቴ በጅጅጋ ገበያ አጠገብ ሻይ እያፈላች ትሸጣለች። ማንቆርቆሪያዋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ይሸፈናል። ቅርፊቱ በወፈረ ቍጥር ውኃው ሳይፈላ ይቈያል፤ ከሰሉም በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርፊቱን በቢላዋ እየፋቅሁ የማወጣው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከፋቅሁት ላይ ጥቂት በወረቀት ጠቅልዬ ለኬሚስትሪ መምህራችን አሳየኋቸው። እሳቸውም ሎሚ አስመጡና ጨመቁበት። ቅርፊቱ ወዲያው አረፋ እያወጣ መሟሟት ጀመረ። ከዚህ በኋላ በእጄ የያዝሁት ነገር የኖራ ድንጋይ መሆኑን፥ አረፋውም ከድንጋዩ ውስጥ የወጣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር መሆኑን ገለጡልኝ።

የኖራ ድንጋይ እንዴት ከሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገባ? መልሱ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ጥቂት እንደ መኮምጠጥ ይላል። ይህ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ድንጋዩን በቀስታ እያሟሟ ካልሲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳል። ከጕድጓድ ስንቀዳው የጠራ ውኃ ይመስላል እንጂ የተሟሟ ድንጋይ አለበት። በእሳት ላይ ሲፈላ አየሩ ተንኖ ይወጣና የተሟሟው ድንጋይ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ወደ ሐርሸን ሄዶ ሲመለስ ከአያቱ ቢርካ፥ ማለት የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት ጕድጓድ፥ አንድ ጠርሙስ ውኃ አመጣልኝ። አጣርቼ ባፈላሁት ጊዜ የተረፈው ቅርፊት ከጕድጓዱ ውኃ ቅርፊት እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት፤ የቢርካ ውኃ ከሰማይ የወረደ እንጂ በድንጋይ ውስጥ ብዙ የተጓዘ አይደለምና። ንጥረ ነገሮች ከድንጋይ ወደ ውኃ፥ ከውኃ ወደ ድንጋይ እንዴት እንደሚጓዙና የት እንደሚያርፉ የሚመረምረው ትምህርት የምድር ኬሚስትሪ ወይም ጂኦኬሚስትሪ እንደሚባል መምህራችን ነገሩን። የዚህ ትምህርት አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው ማን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው የቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚትን ስም አነሡልን።

ቪክቶር ጎልድሽሚት እ.ኤ.አ. በጥር 27 ቀን 1888 በስዊስ ሀገር በዙሪክ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ሃይንሪኽ ጎልድሽሚት የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረ፤ ልጁንም ቪክቶር ብሎ የሰየመው ቪክቶር ማየር ለሚባለው ዝነኛ የኬሚስትሪ መምህር መታሰቢያ እንዲሆን ነው። አባት በየዩኒቨርሲቲው ሲዘዋወር ቤተ ሰቡም አብሮ ይዘዋወር ስለ ነበረ፥ ልጁ ከዙሪክ ወደ አምስተርዳም፥ ከአምስተርዳም ወደ ሃይደልበርግ እየተጓዘ አደገ። በ1901 ግን አባቱ በኖርዌይ ዋና ከተማ በክርስቲያኒያ፥ ማለት ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ፥ ፕሮፌሰር ሆኖ በመሾሙ ቤተ ሰቡ በዚያ ተቀመጠ፤ በኋላም የኖርዌይ ዜግነት አገኘ። እንግዲህ ይህ ልጅ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው በአራት ሀገር ኖሯል ማለት ነው። በትምህርት ቤታችን ከልዩ ልዩ ከተማ ወላጆቻቸውን ተከትለው የመጡ ልጆች ስላሉ፥ በየጊዜው አዲስ ክፍል መግባትና አዲስ ቋንቋ መልመድ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

በክርስቲያኒያ ዩኒቨርሲቲ ብሮገር ከሚባለው ታላቅ የድንጋይ መርማሪ ዘንድ ተማረ። በ23 ዓመቱ፥ ማለት በ1911፥ ለዶክተርነት ማዕርግ ያበቃውን ጽሑፍ አቀረበ። የጽሑፉም ነገር ይህ ነበር፤ በክርስቲያኒያ አካባቢ በጥንት ዘመን የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ወጥቶ በኖራና በሸክላ ድንጋዮች መካከል ገብቶ ነበር። በዙሪያው ያሉት ድንጋዮችም፥ ሸክላ ሠሪ ወደ እሳት እንዳስገባችው ሸክላ፥ በሙቀቱ ተለውጠው አዳዲስ ማዕድናት ሆኑ። ከእሱ አስቀድሞ የነበሩት ሰዎች እነዚህን ማዕድናት በስም በስማቸው ይዘረዝሩ ነበር። ጎልድሽሚት ግን ዝርዝሩ በዕድል የተገኘ አለመሆኑን፥ ድንጋዩ አስቀድሞ ከምን እንደ ተሠራና ምን ያህል እንደ ሞቀ ከታወቀ የትኞቹ ማዕድናት ባንድነት ሊገኙ እንደሚችሉ በሕግ መናገር እንደሚቻል አስረዳ። በ1912ም የኖራ ድንጋይ ከአሸዋ ማዕድን ጋር ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቆ ወደ ሌላ ማዕድን የሚለወጥበትን ሙቀትና ግፊት በስሌት አወጣ። ድንጋይ እንግዲህ ያለፈበትን እሳት በውስጡ ጽፎ ይዟል፤ ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጎልድሽሚት በ1914 ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኖርዌይ በጦርነቱ ባትገባም ከውጭ ሀገር ይመጣላት የነበረው ጥሬ ዕቃ ተቋረጠባት። ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነው ፖታሲየምና ፎስፈረስ፥ ለፋብሪካ የሚሆነውም ማዕድን ጠፋ። በ1917 መንግሥት የጥሬ ዕቃ ምርመራ ቤት ሲያቋቁም አለቃው ጎልድሽሚት ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው ተለወጠ። አስቀድሞ ይህ ድንጋይ ምንድን ነው ይል ነበር፤ አሁን ግን ይህን ንጥረ ነገር የት ላገኘው እችላለሁ ማለት ጀመረ። ሀገርን ሁሉ እየቈፈሩ መፈለግ አይቻልም። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚወደውን ቤት ማወቅ ግን ይቻላል።

አጎቴ በጅጅጋና በቶጎ ጫሌ መካከል የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ይህን ታሪክ በምሽት ለቤተ ሰቡ ስነግር እስከዚህ ድረስ ሲሰማ ስቆ ድንጋይ እንጀራ እንደማይሆን ነገረኝ። የእሱ ምኞት የሒሳብ አያያዝ ተምሬ ከአንድ መሥሪያ ቤት እንድቀጠር ነው። እኔም እንጀራ የሚሆነው ጤፍና ማሽላ የሚበቅለው ከድንጋይ በተፈጠረ አፈር መሆኑን፥ ማዳበሪያውም ከድንጋይ የሚወጣ መሆኑን መለስሁለት። ሆኖም ሙግታችን በዚያ ምሽት አላለቀም።

ጎልድሽሚት ስለ ንጥረ ነገሮች ቤት የደረሰበትን ዕውቀት ከ1923 እስከ 1938 ድረስ በዘጠኝ ክፍል አሳተመ። አሳቡን ያገኘው ሦስት ነገሮችን በማስተያየት ነው። አንደኛው መዳብ የሚቀልጥበት የፋብሪካ ምድጃ ነው። ሁለተኛው ከሰማይ የሚወድቁት ድንጋዮች ናቸው። ሦስተኛው ምድር ራሷ ናት። ማዕድን በምድጃ ሲቀልጥ፥ ወተት ሲናጥ ቅቤው ከአሬራው እንደሚለይ፥ የቀለጠው ነገር በየወገኑ ይለያያል። ከባዱ ብረት ከታች ይዘቅጣል፤ ከድኝ ጋር የተባበረው ከመካከል ይሆናል፤ የድንጋዩ ዝቃጭ ቀላል ስለ ሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ምድራችንም በመጀመሪያ ዘመንዋ የቀለጠች ስለ ነበረች እንዲሁ ሆነች፤ ብረቱ ወደ ማዕከልዋ ሰጠመ፥ ድንጋዩ ከላይ ቀረ።

ስለዚህ ጎልድሽሚት ንጥረ ነገሮችን በአራት ወገን መደባቸው። ብረት ወዳድ የሚባሉት እንደ ወርቅ፥ ፕላቲንየምና ኒኬል ያሉት ሲሆኑ አብዛኞቹ ከብረት ጋር ወደ ምድር ማዕከል ወርደዋል። ወርቅ በምድር ገጽ ላይ ብርቅ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ድኝ ወዳድ የሚባሉት መዳብ፥ ዚንክ፥ እርሳስና ብር ናቸው። ድንጋይ ወዳድ የሚባሉት ሲሊከን፥ አሉሚንየም፥ ካልሲየም፥ ማግኒዥየም፥ ሶዲየምና ፖታሲየም ሲሆኑ በእግራችን የምንረግጠው ሁሉ ከነሱ የተሠራ ነው። አየር ወዳድ የሚባሉት ደግሞ እንደ ናይትሮጅን በሰማይ የቀሩት ናቸው። የእናቴ ማንቆርቆሪያ ካልሲየም እንግዲህ ድንጋይ ወዳድ ከሆኑት ወገን ነው፤ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ቢወስደውም ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ አራቱ ምድብ ብቻ ለሁሉ ነገር መልስ አይሰጥም። ከድንጋይ ወዳዶቹ መካከል አንዳንዶቹ በየድንጋዩ ተበትነው ሲገኙ ሌሎቹ በጥቂት ስፍራ ብቻ ተከማችተው የሚገኙት ስለ ምንድን ነው? ጎልድሽሚትና ተማሪዎቹ ይህን ለማወቅ በኤክስ ሬይ ጨረር የብዙ ውሑዶችን ክሪስታል መረመሩ። በ1926ም ጎልድሽሚት የንጥረ ነገሮችን የአዮን መጠን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም ነው። የድንጋይ ግንበኛ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ግንበኛው በግንቡ ላይ ክፍተት ሲያገኝ በአጠገቡ ካሉት ድንጋዮች በክፍተቱ ልክ የሆነውን መርጦ ያስገባል። ትልቁ አይገባም፥ ትንሹም ይወድቃል። ክሪስታልም እንዲሁ ነው። የአንዱ አዮን መጠን ከሌላው በ15 በመቶ ገደማ ብቻ የሚለይ ከሆነና ሙሉም ከተመሳሰለ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ዛሬ በሚሠራበት ልክ የማግኒዥየም አዮን አጋማሽ 0.72፥ የብረት 0.78፥ የካልሲየም 1.00 አንግስትሮም ነው። አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ብረት ከማግኒዥየም የሚበልጠው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ሁለቱ ኦሊቪን በሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ውስጥ እየተተካኩ ይኖራሉ። ካልሲየም ግን በ39 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ በዚያ ቤት ብዙ ቦታ አያገኝም፤ ሌላ ቤት መፈለግ አለበት። በየትኛውም ተራ ማዕድን ውስጥ ቦታ ያላገኙት ንጥረ ነገሮች ደግሞ፥ የቀለጠው ድንጋይ እየቀዘቀዘ ሲጠጥር እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ሲገፉ ይቈዩና በመጨረሻው ድንጋይ ውስጥ በአንድነት ይከማቻሉ።

ይህ ሕግ በኖርዌይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በሀገራችን በደቡብ በኩል በቀንጢቻ የሚገኘው ታንታለም ፔግማታይት በሚባለው ድንጋይ ውስጥ የተከማቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በተራዎቹ ማዕድናት ውስጥ ቦታ ያጣ ንጥረ ነገር ነውና። በወለጋ በዩብዶ የሚገኘው ፕላቲንየም ከኦሊቪን ከተሠራው ከዱናይት ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። በለገ ደምቢ ያለውን ወርቅ ደግሞ በጥልቅ ምድር ውስጥ ያለፈ ሙቅ ውኃ ከድኝ ጋር አሟሙቶ አምጥቶ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አስቀመጠው። በዳሎል ያለው የፖታሲየም ጨው የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶ በመትነኑ የቀረ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የነካው የስምጥ ሸለቆ ውኃ ነገር ነው። በዚያ በብዙ ስፍራ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ ካልሲየም ካገኘ ከእሱ ጋር ተባብሮ ማዕድን ሆኖ ይዘቅጣል። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ግን ሶዲየም እንጂ ካልሲየም የሚበዛበት ባለመሆኑ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውኃው ውስጥ ይቀራል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተማረርሁ የምፍቀው ካልሲየም በሌላ ስፍራ ባለመኖሩ ምክንያት ጥርሱ የበለዘ ልጅ እንዳለ ባወቅሁ ጊዜ፥ ማንቆርቆሪያውን በሌላ ዐይን አየሁት።

አሁን ወደ ሊቁ ሕይወት ልመለስ። በ1929 ጎልድሽሚት በጀርመን ሀገር ወዳለው ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ ሄደ። በዚያም የተሟላ የምርመራ ቤት ስለ ተሰጠው፥ በድንጋይ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች ለመለካት ቻለ። ጀርማንየም የሚባለው ብርቅ ንጥረ ነገር በድንጋይ ከሰል አመድ ውስጥ ተከማችቶ እንደሚገኝ ያሳየውም በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። አይሁድ የሆነ ሁሉ ከሥራውና ከክብሩ ይገፋ ጀመር። በ1935 ጎልድሽሚት ፕሮፌሰርነቱን ትቶ ከሽማግሌ አባቱ ጋር ወደ ኦስሎ ተመለሰ። አባቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ። እሱ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ብቻውን ቀረ፤ ሆኖም ሥራውን አልተወም። በ1938 በታተመው በዘጠነኛው ክፍል ንጥረ ነገሮች በምድርና በጽንፈ ዓለም ምን ያህል እንደሚገኙ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አቀረበ።

በሚያዝያ 1940 የጀርመን ጦር ኖርዌይን ያዘ። በጥቅምት 26 ቀን 1942 አይሁድ የሆኑ ወንዶች ሁሉ እንዲታሰሩ ትእዛዝ ወጣ። ጎልድሽሚትም ተይዞ በርግ ወደሚባለው የእስረኞች ሰፈር ተወሰደ። ሕመምተኛ ስለ ነበረ ለጥቂት ጊዜ ቢለቁትም እንደ ገና ያዙት። በኅዳር 26 ቀን ዶናው የምትባለው መርከብ በኦስሎ ወደብ ቆማ ከ500 የሚበልጡ አይሁድ፥ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት፥ ይጫኑባት ነበር። ጎልድሽሚትም ወደቡ ድረስ ተወሰደ። ወደ መርከቧ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ግን ተጠርቶ ከሰልፉ ወጣ። የኖርዌይ ሳይንቲስቶች ዕውቀቱ ለሀገሪቱ እንደሚያስፈልግ ገልጠው ስለ እሱ ለምነው ነበርና። መርከቧ ሌሎቹን ይዛ ሄደች። ከወደብ በባቡር ወደ አውሽቪትዝ ተወሰዱ፤ በሕይወት የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ለአጎቴ በነገርሁት ማታ ደስ ብሎኝ ነበር። ሙግቱን የረታሁ መስሎኝ ነበርና። ድንጋይ እንጀራ አይሆንም ላለኝ ሰው፥ እነሆ የድንጋይ ዕውቀት ሰውን ከሞት አዳነ ብዬ አስረዳሁት። አጎቴ ግን አልተከራከረኝም። ሻዩን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ የቀሩት ሰዎች ምን ሆኑ ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋይ የማያውቁት፥ ልብስ ሰፊው፥ ነጋዴው፥ ሕፃኑ፥ እነሱን ማን ለመነላቸው? የምመልስለት ቃል አጣሁ። እስከ ዛሬም ይህን ጥያቄ ከልቤ ላወጣው አልቻልሁም።

በማግሥቱ ወደ መምህራችን ሄጄ አማከርኋቸው። እሳቸውም የሰጡኝ አሳብ ይህ ነው። ንጥረ ነገርን በወገን መመደብ ተገቢ ነው፤ ካልሲየም ዛሬም ነገም ካልሲየም ነው፥ በሆነበት ስፍራ ሁሉ እንደ ባሕርዩ ይሠራል። ሰውን ግን በትውልዱ መድቦ ፍርድ መስጠት የሳይንስን ስም የሰረቀ ክፋት ነው። ደግሞም ሰውን ስለሚሰጠው ጥቅም ብቻ ማዳን ግማሽ ደግነት ነው፤ ጥቅም የማይሰጠውን መጣል በውስጡ አለበትና። የኖርዌይ ሳይንቲስቶች በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ያ ብቻ ስለ ነበረ በእሱ አንድ ነፍስ አዳኑ፤ ለዚህ ይመሰገናሉ። የእኛ ትውልድ ግን እንዲህ ያለ ሰልፍ ከመጀመሪያው እንዳይሰለፍ የሚያደርግ ትውልድ መሆን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በታኅሣሥ 1942 ኖርዌያውያን አርበኞች ጎልድሽሚትን በምስጢር ወደ ስዊድን አሻገሩት። በመጋቢት 1943 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ባለው የማኮሌይ የአፈር ምርመራ ተቋም፥ ኋላም በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ሠራ። ጤናው በእስር ምክንያት ስለ ተጐዳ በልብ ሕመም ይሠቃይ ነበር። ቢሆንም በወጣትነቱ የኖርዌይን ገበሬ ለመርዳት የጀመረውን የአፈር ነገር በስደት ሆኖ እንደ ገና ያዘው። በ1946 ወደ ኦስሎ ተመለሰ፤ በመጋቢት 20 ቀን 1947 በ59 ዓመቱ ሞተ። ሲጽፈው የነበረው ትልቅ መጽሐፍ ሳይፈጸም ስለ ቀረ አሌክስ ሙየር የሚባል ሰው አሰናድቶት በ1954 ታተመ። አመዱ ያረፈው ከኖርዌይ አረንጓዴ ኦሊቪን በተፈለፈለ ዕቃ ውስጥ ነው። ኦሊቪን ከፍ ያለ እሳት የሚችል ጡብ እንደሚሆን ደርሶበት ለሀገሩ የፋብሪካ ሥራ ያስገኘላት ማዕድን ነበር።

ባለፈው ወር ወደ ሐረር ስንሄድ በባቢሌ አጠገብ በዳኸታ ሸለቆ በኩል አለፍን። በዚያ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የቆሙትን የግራናይት ድንጋዮች መንገደኛ ሁሉ ያደንቃቸዋል። እኔ ግን በዚያን ቀን ከእግራቸው ሥር ያለውን አፈር አየሁ። ግራናይት ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን አለበት። ዝናብ በብዙ ሺህ ዓመት ፌልድስፓሩን ሲያሟሟው ፖታሲየሙና ሶዲየሙ በውኃ ይሄዳሉ፥ የቀረው አሉሚንየምና ሲሊከን ጭቃ ይሆናል። ጋንም የሚሠራው ከእንዲህ ያለ የሸክላ ጭቃ ነው። እንግዲህ ጋኑም የሚደግፈውም ጠጠር የአንድ ድንጋይ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዱን ውኃ ያደቀቀው፥ ሌላውን ገና ያልነካው መሆኑ ብቻ ነው። አባቶቻችን ተረቱን ሲተርቱ ይህን ባያውቁ እንኳ ነገሩ አልራቃቸውም ነበር።

በጅጅጋ ትምህርት ቤቶች በአንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ልጆች ቤታችን የምንናገረው ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ከቀብሪበያህ፥ አንዱ ከአውባሬ፥ አንዱ ከሐረር፥ አንዱም ከጎንደር የመጣ አባት አለው። ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። የመጀመሪያው በየቀኑ የምናየውን ተራ ነገር፥ የማንቆርቆሪያ ቅርፊት ቢሆን እንኳ፥ ሳንጠይቅ እንዳናልፈው ነው። ሁለተኛው የዕውቀታችንን ሚዛን ለድንጋይ እንጂ ለሰው ነፍስ መመዘኛ እንዳናደርገው ነው።

ስለ ራሴ ለመናገር፥ ፈቃዱ ከሆነ ፈተናውን ካለፍሁ በዩኒቨርሲቲ የምድርን ሳይንስ ለመማር ቈርጫለሁ። አጎቴም አሁን አይስቅም። ከቶጎ ጫሌ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ያነሣውን ጠጠር ከመኪናው አውጥቶ ይሰጠኛል። ምን እንደ ሆነም ይጠይቀኛል። የማውቀውን እነግረዋለሁ፤ የማላውቀውን ለመምህሬ አስቀምጥለታለሁ።